የግዛው እናት ስም

እንጦጦ፣ ጥር 15 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሣህሌ፣
ኢየሩሳሌም

የኪዳነ ምሕረት ጥላዋ አይለይዎ። እርስዎን ደህና ያድርግልኝ እንጂ እኔስ ደህና ነኝ። ከገና በፊት ጉንፋን ጥሎኝ ነበር፣ ጎረቤታችን ሙሚና ናት አጥሚት እያፈላች ያነሳችኝ። እሷም ሰላም በይልኝ ብላለች።

ባለፈው ደብዳቤዎ ስለ ቤቱ ምንም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ ብለውኝ ነበር። ምን አለና ልጻፍልዎ? እናትዎ እትዬ ደብሪቱ ካረፉ አምስት ዓመት ሞላ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት የሚሰማው የኔው ጫማ ነው። ጧት ቁልቁለቱን ወርጄ የካ፣ ወይዘሮ ወርቅአየሁ ቤት ልብስ ስተኩስ እውላለሁ፤ ሲመሽ ዳገቱን ወጥቼ እገባለሁ። ይኸው ነው።

አሁን ግን ወሬ አገኘሁልዎ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ቴሌቪዥን የሚባለውን አስገቡ። ፊቱ መስተዋት የሆነ ሳጥን ነው፤ ሲከፍቱት ሰው ይታይበታል፣ ያወራል፣ ይስቃል። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ቴአትር አለ። እኛ ሠራተኞቹ ምንጣፉን ሳንረግጥ ሳሎኑ በር ላይ ተደርድረን እናያለን።

ቴአትሩ እንዲህ ነው። ግዛው የሚባል ነጋዴ አለ። አባታቸው ስለሞተ እኅቱ አስካለ የምትኖረው በሱ እጅ ነው። አንድ አስተማሪ አስካለን ሽማግሌ ልኮ ጠየቀ። እሷም ትወደዋለች፣ አይኗ ይናገራል። ግዛው ግን ሽማግሌዎቹን ቁጭ አድርጎ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ እኅቴ ታማለች ብሎ መለሳቸው። ምንም አልታመመችም! ትርንጎ የምትባል አፏ የማያርፍ ገረድም አለች፣ ሆዳችን እስኪያመን ያሳቀችን እሷ ናት።

ታዲያ የዚያን ሳምንቱ ክፍል ሲያልቅ ተጣላን። ሾፌሩ ዘነበ፣ ግዛው ክፉ ነው አለ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ቁጡ ነው እንጂ ክፉ አይደለም አሉ። እኔ ፈሪ ነው ብል ሁሉም ሳቁብኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሰውን እሳት፣ ውሃ፣ ነፋስ፣ መሬት እያሉ በባሕርዩ ሲለዩም እግርዎ ስር ቁጭ ብዬ ሰምቼ አድጌያለሁ። እስቲ ይፍረዱን፤ ግዛው ምንድነው?

ሰው ካገኙ ደግሞ አንድ መቁጠሪያ ይላኩልኝ።

እናትዎ ያሳደጓት፣
ሙሉነሽ ኢቲቻ


ኢየሩሳሌም፣ የካቲት 27 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሙሉነሽ

ከጌታችን መቃብር ደጃፍ ሆኜ ስምሽን በጸሎት እያነሳሁ እንደምን ሰነበትሽ እልሻለሁ። ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ትርንጎ ዘንድ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ። አንድ መነኩሴ ሲያልፉ አዩኝና ምን ሆነህ ነው አሉኝ። እዚህ ድንጋዩ ብርድ ነው፣ ሰዉም ወሬ አያበዛም። መቅረዝ እወለውላለሁ፣ ደረጃ እጠርጋለሁ፣ በዓል ሲሆን ከማኅሌቱ እቆማለሁ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ አላውቅም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ትርንጎ ነፋስ ናት፣ ይህ ክርክር የለውም። አስካለ ውሃ ናት፤ በቀዱባት ዕቃ ልክ ታድራለች። አስተማሪው መሬት ይመስለኛል፣ የሚታገሥ ሰው ነው። ግዛው እሳት ነው። የእሳት ሰው ቤቱን ያሞቃል፣ ቤቱን ሲነኩበት ይቆጣል። ፈሪ ያልሽው አልተዋጠልኝም። አንድ ቤት የቆመው በሱ ትከሻ ነው። እኅቱን ቢለቃት ቤቱ ምን ይሆናል? ይህን አስቦ ይሆናል።

ነገር ግን በመልክ መፍረድ ግምት ነው። ቁርጡ የሚታወቀው የሰውየው ስምና የእናቱ ስም በፊደሉ ቁጥር ተደምሮ በአሥራ ሁለት ሲገደፍ ነው። ከዚያ የሚተርፈው ኮከቡን ይናገራል። የግዛውን እናት ስም ላኪልኝ። አባቶች ቆጠራ አይወዱምና ፖስታው ላይ ምንም እንዳትጽፊ አደራ።

በሩ አሁንም ክረምት ሲገባ ያብጣል? የእናቴ አልጋ ቦታው ላይ ነው? ከጓሮ ያሉት ባሕር ዛፎች ተቆረጡ? ይህን ሁሉ ጻፊልኝ። መቁጠሪያውን ገዝቻለሁ፣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

ወንድምሽ ሣህሌ


እንጦጦ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሣህሌ

ትንሣኤን በዚያ በተቀደሰ ቦታ ያሳለፉ እርስዎ የታደሉ ነዎት። እኔ ከሙሚና ጋር በላሁ። የሷን ልጆች ጠርቼ ነው እንጂ ድፎ ዳቦውን ብቻዬን አፍጥጬበት ልውል ነበር።

በሩ ያብጣል። ባለፈው ክረምት አንድ ጧት አልከፈት ብሎኝ ሥራ አርፍጄያለሁ። የእትዬ ደብሪቱ አልጋ ቦታው ላይ ነው። ከባሕር ዛፎቹ ሁለቱ ተቆረጡ፣ የቀሩት አሉ።

አሁን የግዛውን ጉድ ይስሙ። አስተማሪው ሽማግሌ አልበቃው ብሎ ራሱ መጣ። አጥሩ ላይ ቆሞ ጠራ። ግዛው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መጋረጃውን በሁለት ጣቱ ይዞ በስንጥቁ አየው። አልወጣም! ትርንጎን የሉም በይ ብሎ ላካት። እንግዲህ ይፍረዱኝ ጋሼ፣ እሳት የሆነ ሰው ወጥቶ ይጮህበት አልነበረም? እሳት መጋረጃ ይዞ ይቆማል? እኔ አሁንም ፈሪ ነው እላለሁ።

የእናቱን ስም በተመለከተ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። ቴአትሩ ላይ አንድም ቀን አልተጠራም። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ሙሉነሽ ቀወሰች ብለው ሳቁብኝ። በኋላ ዘነበ ነው ያዘነልኝ። ግዛውን ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ቀበና ሰፈር ነው የሚኖረው፣ ያውቀዋል። ሄዶ የእናትህ ስም ማነው ቢለው ሰውዬው ደንግጦ፣ ምን ልታደርገው ነው፣ ድግምት ነው ወይ አለው አሉ። ኋላ ስቆ ነገረው። እልፍነሽ ይባላሉ። እንግዲህ ይቁጠሩልኝ።

ሙሉነሽ


ኢየሩሳሌም፣ ሰኔ 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለሙሉነሽ

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ። ግዛውን በእልፍነሽ ቆጠርኩት፣ ኮከቡ ሑት ወጣ። ሑት ውሃ ነው። በጣም ተናደድኩ፣ ደግሜም ቆጠርኩት። ከዚያ ነው የሠራችሁት ስሕተት የገባኝ። እልፍነሽ የተጫዋቹ እናት ናቸው እንጂ የግዛው እናት አይደሉም! የአንዱን እግር ለክቶ ለሌላው ጫማ መስፋት ማለት ይኸ ነው። እወቂ፤ የሚቆጠረው የወለደችው እናት ስም ብቻ ነው። ያሳደገችም ሆነች በውሰት የመጣች አትቆጠርም። በዚህ የሚሳሳት ቆጣሪ የሰው ትዳር ያፈርሳል።

ስለ መጋረጃው የጻፍሽውን ደጋግሜ አሰብኩበት። እናንተ በር ላይ ቁጭ ብላችሁ የምታዩት ሳሎኑን ነው። ከጓዳ ያለውን ማን ያውቃል? ምናልባት ጓዳ የተኛች አሮጊት እናት አለችው። ከአልጋ የማትነሳ፣ ሰው ካልደገፋት ውሃ የማትጎነጭ። አስካለ ብትሄድ ማን ያገላብጣታል? እሱ ወንድ ነው፣ መንገድም ይኖርበታል። ፈሪ ከማለትሽ በፊት ይህንም አስቢ።

ሰው አላገኘሁም፤ መቁጠሪያው እኔው ዘንድ ነው።

ሣህሌ


እንጦጦ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሣህሌ

ጾመ ፍልሰታን በሰላም ያስፈጽምዎ። ኪዳነ ምሕረት ሳስቀድስ ቆይቼ፣ ጭጋጉ ሳይገፍ ተመልሼ ነው የምጽፍልዎ።

ከአልጋ የማትነሳ እናት ያሉትን ለዘነበም ለወይዘሮ ወርቅአየሁም አነበብኩላቸው። ሁሉም ግራ ገባቸው። ቴአትሩ ውስጥ የታመመች እናት የለችም ጋሼ። ግዛው ጓዳ ያለው እህል ብቻ ነው። ከየት አመጧት?

ይህን ልተወውና የመጣሁበትን ልናገር፣ ሆዴ ውስጥ ከያዝኩት ወር አለፈው። ቀጀላን ያስታውሱታል። በ1945 ሽማግሌ የላከብኝ፣ አናጢው ቀጀላ። አሁን ወሰን ሰፈር ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት፣ ሁለት ልጆች ትታለታለች። ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደገና ሽማግሌ ላከ። አዎ፣ በኔው ላይ! ከነሱ አንዱ ያን ጊዜም የመጡት ናቸው፤ ምርኩዝ ይዘው ዳገቱን ሲወጡ ሳይ አለቀስኩ።

መልስ አልሰጠሁም። እንዴት ልስጥ? ያን ጊዜ እርስዎ ቆጥረው፣ ኮከባችሁ አይገጥምም፣ ብትጋቡ ዓመት ሳይሞላ አንዳችሁ ሌላውን ትቀብራላችሁ አሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ይህን ቃል ይዤ ኖርኩ። ቀጀላን መንገድ ላይ ሳየው እንኳ ክፉ እንዳይነካው ብዬ ፊቴን አዞር ነበር። እሱ ጠላችኝ ብሎ ሌላ አገባ።

እርስዎ ሰኔ ላይ የጻፉት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የሚቆጠረው የወለደችው እናት ብቻ ነው አሉ። እኔን የወለደችኝ ሎሚ ናት። በተወለድኩ በአርባ ቀኔ ሞተች፣ እትዬ ደብሪቱ ለአባቴ ለኢቲቻ የሥጋ ዘመድ ነበሩና ወስደው አሳደጉኝ። ሰዉ ሁሉ የደብሪቱ ልጅ ነው የሚለኝ። እርስዎም ያን ጊዜ የቆጠሩኝ በደብሪቱ ይሆን? እንደዚያ ከሆነ ስሕተት ነው፣ ስሕተት ደግሞ በማንም ይደርሳል፣ አልቀየምም። በሎሚ ይቁጠሩኝና አንድ ቃል ይጻፉልኝ። የቀጀላ እናት ጂቱ ናቸው።

ቀጀላ እስከ ጥር እጠብቃለሁ ብሏል። መቁጠሪያው ይቅርብኝ። ይህን ብቻ ይላኩልኝ።

ሙሉነሽ


እንጦጦ፣ ኅዳር 4 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሣህሌ

ሦስት ወር ሞላ። ታመው ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ፖስታ ቤት ከመመላለሴ የተነሳ ጸሐፊው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል።

ቴአትሩ አለቀ። ግዛው እስከ መጨረሻው ምንም አልተናገረም። አስካለን ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነስንሰው አስረጇት፣ ራቱን አቀረበችለት፣ በላ። በዚያው ተዘጋ። ወይዘሮ ወርቅአየሁ አጨበጨቡ። እኔ ግን በማግስቱ የጌታዬን፣ የወይዘሮ ወርቅአየሁን ባል፣ ሸሚዝ አንገትጌ አቃጠልኩ፣ ስተኩስ በኖርኩበት ዘመን አቃጥዬ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ከጾሙ በፊት ቁርጡን ንገሪን ብለውኛል። የፊታችን እሑድ ይመጣሉ። ምን እንደምላቸው አላውቅም። ለእሑድ ባይደርስም፣ ክፉም ቢሆን ቃልዎን ይስደዱልኝ፣ ዝምታው ነው የከበደኝ።

ሙሉነሽ


ኢየሩሳሌም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለሙሉነሽ

የነሐሴው ደብዳቤሽ መስከረም ላይ ደርሶኛል። አልታመምኩም። አራት ጊዜ ጽፌ አራቱንም ቀደድኩ። የኅዳሩ ትናንት ደረሰኝ፣ ዛሬ ሳልቀድ ልጨርስ።

አንቺ በደግነትሽ መውጫ ሰጥተሽኛል። አዎ፣ በደብሪቱ ነው የቆጠርኩሽ ብል አለቀ፤ ስሕተት ነበር እባላለሁ፣ አንቺም ይቅር ትያለሽ። ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ልጽፍ ፈልጌ ነበር። ውሸት ነው ሙሉነሽ። ሎሚን አውቃታለሁ፣ ስትቀበር ጎረምሳ ነበርኩ፣ አንቺን ታቅፌ የተመለስኩት እኔ ነኝ። የቆጠርኩሽ በሎሚ ነው። ያን ቀን ገጥሞ ነበር። እንዳማረ ገጥሞ ነበር።

እናቴ ከአልጋ ከዋለች ስድስት ወሯ ነበር። እኔ ኢየሩሳሌም ለመሳለም ተስዬ የጉዞ ወረቀቴ እጄ ገብቶ ነበር። አንቺ ካገባሽ እናቴን ማን ይይዛታል? እኔ ልቀር ነው። መቅረት አልፈለግኩም። አይገጥምም ብቻ ብልሽ እንደማትመለሺ አውቅ ነበር፣ ስለዚህ ሞት ጨመርኩበት። ለራስሽ እንደማትፈሪ ስለማውቅ ለሱ እንድትፈሪ አደረግኩሽ።

የመጣሁት ለሦስት ወር ነበር። ደረትሽን መትተሽ የሸኘሽኝን ፊትሽን ደግሜ ማየት አቃተኝና ቀረሁ። ሰዉ ሣህሌ በጌታ መቃብር መነነ ይላል አሉ። የመነንኩ አይደለሁም፣ የተደበቅኩ ነኝ። እናቴ ስታርፍም አልመጣሁም።

ግዛው ፈሪ ነው። አንቺ ነሽ የረታሽው።

መቁጠሪያውን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፣ ከየካቲት ጀምሮ ትራሴ ስር ነበር። አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ደረጃ እምቢ እያለ ነው። ይምጡ ብትይኝ እመጣለሁ። አይምጡ ካልሽኝም ይገባኛል።

ሣህሌ


ወሰን፣ የካቲት 6 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሣህሌ

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታልዎ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ጥር 21 ቀን ነው። ሠርጌ ጥር 15 ነበር። ኅዳር ላይ፣ በዚያች እሑድ፣ ሽማግሌዎቹን እሺ ያልኳቸው ኮከባችን አይገጥምም ብዬ እያመንኩ ነው። ከሁለታችን አንዳችን ዓመት አንደርስም ብዬ እያመንኩ። ለቀጀላም ደብቄ አላገባውም ብዬ ሁሉን ነገርኩት። መጋዙን አስቀመጠ።

«አንድ ዓመትም ቢሆን ዓመት ነው» አለኝ።

እንግዲህ ቁጥርዎ የደረሰኝ መፈለጌ ካለፈ በኋላ ነው። ያም ሆኖ አንብቤ ስጨርስ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም። ቀጀላ ምን ሆንሽ ሲለኝ ራሴን አመመኝ አልኩት። ለሱ አላነበብኩለትም፣ የርስዎን ስም በክፉ እንዲያነሳ አልፈለግኩም።

እትዬ ደብሪቱን ሰባት ዓመት በማገላበጤ አንድም ቀን አልቆጨኝም፤ እናቴ ናቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ቁጭ አድርገው፣ ሙሉነሽ፣ እናቴን ያዥልኝና ደርሼ ልምጣ ቢሉኝ እሺ እል ነበር። ቀጀላንም ጠብቀኝ ብል ይጠብቀኝ ነበር፣ ሰውዬው እንደሆነ መጠበቅ ያውቅበታል። መጠየቅ ብቻ ነበር ጋሼ። ልጆቹ የኔ ይሆኑ ነበር። አሁን ትንሿ እትዬ ነው የምትለኝ።

ስለ ግዛው ረታሽ ብለውኛል። ሙሉ ለሙሉ እንኳ አልረታሁም። ግዛው ሳይናገር ነው ቴአትሩ ያለቀው፣ እርስዎ ተናገሩ። ይህ ምን ዓይነት ባሕርይ እንደሆነ ግን አላውቅም፣ ስምም አላገኘሁለትም። ወይዘሮ ወርቅአየሁ ዘንድ ሥራ ትቻለሁ፣ ወሰን ደግሞ ቴሌቪዥን ያለው ሰው የለም። ሐሙስ ሲመሽ እጄ ወረቀት ይፈልጋል፣ የምጽፈው ነገር ግን የለኝም።

ይምጡ ወይስ ይቅሩ ላሉኝ፣ እኔ አልቆርጥልዎትም። ቤቱ ያባትዎ ቤት ነው። ውስጡ ማንም የለም። አልጋውን ቦታው ላይ ትቼዋለሁ፣ ልብሱን አጥቤ አንጥፌበታለሁ። ቁልፉ ሙሚና ዘንድ ነው። ሲመጡ ክረምት ከሆነ በሩ አብጦ አልከፈት ይልዎታል፤ ከታች በእግርዎ ከላይ በትከሻዎ አድርገው ይግፉት።

የሎሚ ልጅ፣
ሙሉነሽ